ያው ነው፣ እኩል ነው፣ ይቀድማል፦ በጄኔሪክ ኮድ ውስጥ ማወዳደር

ጥያቄ፦ «በሲ ሻርፕ አንድ ጄኔሪክ (ለየትኛውም የዳታ ዓይነት የሚሠራ) ክላስ እየጻፍኩ ነው። ውስጡ ሊስት ይዟል። ሁለት ሜተድ አለው። አንዱ የተሰጠው እሴት ሊስቱ ውስጥ መኖሩን ያጣራል፣ ሌላው ትልቁን ይመልሳል። ሀ == ለ ብዬ ስጽፍ ኮምፓይለሩ አልቀበልም አለኝ። አንድ ሰው ‹ዌር ቲ : ክላስ› የሚል ገደብ ጨምሪበት አለኝ። ጨመርኩ፣ ኮምፓይል ሆነ። ስሞክረውም ሠራ። ስሞቹን ከፋይል ሳነብ ግን ዓይኔ እያየ ያለውን ስም የለም ይለኛል። ለትልቁ ደግሞ > ብል ጭራሽ እንቢ አለ። ጃቫ የሚሠራ ጓደኛዬ እኛም ጋ ችግሩ አለ ይላል። የት ነው የተሳሳትኩት?»

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ዛሬውኑ ሥራሽን የሚያስኬደውን ልንገርሽ። ያንን ገደብ አንሺው። እኩልነትን ለማጣራት በ== ፋንታ ይህን ጻፊ፦

ኢኳሊቲኮምፔረር‹ቲ›.ዲፎልት.ኢኳልስ(ሀ, ለ)

ትልቁን ለመለየት ደግሞ፦

ኮምፔረር‹ቲ›.ዲፎልት.ኮምፔር(ሀ, ለ) > 0

የክላስና የሜተድ ስሞቹ ኤዲተሩ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት። ሀ እና ለን ግን እንዳሉ ብትጽፊያቸውም ይሠራል። ሲ ሻርፕም ጃቫም ለቫሪያብል ስም የግዕዝ ፊደል ይቀበላሉ።

ለዛሬ ይኼ ይበቃሻል። ምክንያቱን ሳታውቂ ከቀዳሽው ግን ነገ በሌላ በር ይመጣብሻል። ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ።

ማወዳደር ስንል ሦስት ጥያቄ ነው የምንጠይቀው። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው ወይ? ሁለቱ እኩል ናቸው ወይ? የቱ ይቀድማል? ሞክሼ ያላት ሴት ልዩነቱ ይገባታል። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰላም ካሉ ስማቸው እኩል ነው። ሰዎቹ ግን ሁለት ናቸው። ስም ሲጠራ ማን ቀድማ አቤት ትላለች የሚለው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ጄኔሪክ ኮድ ውስጥ ሦስቱን ሳትለዪ ከጻፍሽ ኮምፓይለሩ ይከለክልሻል። ካልከለከለሽ ደግሞ ያልጠየቅሽውን ይመልስልሻል። ይኼኛው ይብሳል። አንቺ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል።

መጀመሪያ ለምን ከለከለሽ? ቲ ገና ላልታወቀ ታይፕ፣ ማለትም ለዳታ ዓይነት፣ የቆመ ስም ነው። ቲ ስትዪ «ማንኛውም ታይፕ ቢመጣ ይህ ኮድ ይሠራል» ብለሽ ቃል እየገባሽ ነው። ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ሊመጣ ይችላል። ስትሪንግ (ጽሑፍ) ሊመጣ ይችላል። ሌላ ሰው ነገ የሚጽፈው ስትራክትም (እሴቱን ራሱን የሚይዝ ታይፕ) ሊመጣ ይችላል። በሲ ሻርፕ ደግሞ አንድ ተራ ስትራክት ጸሐፊው ካልጻፈለት በቀር == የሚባል ኦፕሬተር የለውም። ኮምፓይለሩ በሌለ ነገር ላይ አይፈርምም።

ሌላም ምክንያት አለ፣ ይኼኛው ዋናው ነው። እንደ ኢኳልስ ያለ ቨርቹዋል ሜተድ የሚመረጠው ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ፣ በእጅ ያለው ኦብጀክት ታይቶ ነው። == ግን የሚመረጠው ኮምፓይል ሲደረግ፣ ኮዱ ላይ የተጻፈው ታይፕ ብቻ ታይቶ ነው። የተጻፈው ደግሞ ቲ ነው። በዚያ ሰዓት ቲ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ገደቡ እንምጣ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ነው። «ዌር ቲ : ክላስ» ስትዪ ቲ ሁልጊዜ ሪፈረንስ ታይፕ፣ ማለትም የኦብጀክቱን አድራሻ የሚይዝ፣ ነው ብለሽ ነገርሽው። ሁሉም ሪፈረንስ ታይፕ ቢያንስ አንድ ንጽጽር አያጣም፦ ሁለቱ ቫሪያብሎች ሜሞሪ ላይ ወደ አንድ ኦብጀክት ያመለክታሉ ወይ? ኮምፓይለሩም == ማለትሽን በዚህ ፈታው። ስትሪንግ ይዘቱን ፊደል በፊደል የሚያወዳድር የራሱ == አለው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ኮድሽ ላይ የተጻፈው ቲ እንጂ ስትሪንግ ስላልሆነ ያ አልተመረጠም። «እኩል ናቸው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽ፤ «ያው አይደሉም» ተብሎ ተመለሰልሽ።

ታዲያ ስትሞክሪው ለምን ሠራ? ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ስትሞክሪው «ሰላም» የሚለውን ስም ኮዱ ውስጥ በእጅሽ ሁለት ቦታ ጽፈሽ ይሆናል። ኮድ ውስጥ በቀጥታ የተጻፉ ተመሳሳይ ስትሪንጎች ሜሞሪ ላይ አንድ ቅጂ ይጋራሉ። ይህ ኢንተርኒንግ ይባላል። ስለዚህ «ያው ነው ወይ?» ሲባል በርግጥም ያው ሆኖ ተገኘ። ከፋይል የተነበበው «ሰላም» ግን አዲስ ኦብጀክት ነው። ሦስቱም ፊደል ልክ ነው፣ አድራሻው ግን ሌላ ነው። በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ሰ፣ ላ እና ም የያዘ የካራክተር አሬይ ሥሪ፤ ከእሱ አዲስ ስትሪንግ ፍጠሪና ኮዱ ውስጥ ከተጻፈው «ሰላም» ጋር በቀድሞው ሜተድሽ አወዳድሪው። ፎልስ ይልሻል።

ኢኳሊቲኮምፔረር ዲፎልት ይህንን የሚፈታው ጥያቄውን ወደ ታይፑ ራሱ በመመለስ ነው። ታይፑ አይኢኳተብል የሚለውን ጄኔሪክ ኢንተርፌስ (ታይፑ «እነዚህ ሜተዶች አሉኝ» ብሎ የሚገባው ውል) ተግብሮ ከሆነ የእሱን ኢኳልስ ይጠራል። ካልሆነ ከኦብጀክት የተወረሰውን ኢኳልስ ይጠራል። ነል፣ ማለትም ምንም ኦብጀክት የሌለበት እሴት፣ ቢመጣም አይደነግጥም። ሁለቱም ነል ከሆኑ እኩል ናቸው ይላል፤ አንዱ ብቻ ከሆነ አይደሉም ይላል። በቀጥታ ሀ.ኢኳልስ(ለ) ብለሽ ብትጽፊ ኖሮ ሀ ነል በሆነ ቀን ፕሮግራሙ በኤክሴፕሽን ይቆም ነበር። እንደ ኢንትና ስትራክት ላሉ ቫልዩ ታይፖችም ጥቅም አለው። ታይፑ አይኢኳተብልን ካሟላ እሴቱ በኦብጀክት ሳይጠቀለል፣ ማለትም ቦክሲንግ ሳይደረግ፣ ይወዳደራል። ሚሊዮን ጊዜ በሚዞር ሉፕ ውስጥ ይኼ ልዩነት ይታያል።

የራስሽን ክላስ ወደ ቲ የምታስገቢ ከሆነ ሥራው የአንቺ ነው። አይኢኳተብልን ተግብሪ፣ ከኦብጀክት የመጣውን ኢኳልስም ጻፊ፣ ጌትሀሽኮድን ደግሞ አብረሽ ጻፊ። ሦስተኛውን መርሳት የተለመደ ነው። ዲክሽነሪን፣ ማለትም በቁልፍ የሚፈለግበትን ስብስብ፣ ብዙ መሳቢያ እንዳለው ቁም ሳጥን አስቢው። ሀሽ ኮድ ዕቃው የገባበትን መሳቢያ ይናገራል፣ ኢኳልስ ደግሞ መሳቢያው ውስጥ ካሉት የቱ እንደሆነ ይለያል። እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች የተለያየ ሀሽ ከሰጡ ዲክሽነሪው የተሳሳተ መሳቢያ ከፍቶ «የለም» ይልሻል። ዕቃው ግን አለ። ሲ ሻርፕ 9 ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ የመጣው ሬከርድ ሦስቱንም ራሱ ይጽፍልሻል። ዳታ ብቻ ለሚይዝ ታይፕ ሬከርድን ያለማመንታት እመክርሻለሁ።

ስለ ጃቫ ጓደኛሽ ልክ ብሏል። በአንድ በኩል ጃቫ ላይ እንዲያውም ይብሳል ብዬ አምናለሁ። በጃቫ፣ ጄኔሪክስ እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃቫ 5 ጋር ሲመጣ፣ ታይፑ ኮምፓይል ከተደረገ በኋላ እንዲጠፋ ተደርጎ ነው የተሠራው። ገደብ ካልተሰጠው ቲ ኦብጀክት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሀ == ለ ብትዪ ማንም አይከለክልሽም። ዝም ብሎ አድራሻ ያወዳድራል።

የታወቀው ወጥመድ ኢንትን በኦብጀክት የሚጠቀልለው የኢንቲጀር ነው። ሁለት የኢንቲጀር ኦብጀክቶች 127 ይዘው በ== ቢወዳደሩ ትሩ ይመጣል። 128 ይዘው ቢወዳደሩ ብዙውን ጊዜ ፎልስ ይመጣል። ምክንያቱ ጃቫ ከ-128 እስከ 127 ያሉትን ኢንቲጀሮች አስቀድሞ አዘጋጅቶ ማስቀመጡ ነው። በዚያ ክልል ውስጥ ሁሉም ሰው ያንኑ ኦብጀክት ይጋራል። በትናንሽ ቁጥር የተሞከረ ኮድ አልፎ በትልልቅ ቁጥር ሲወድቅ ሰው መሠረቱን ትቶ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል። በጃቫ መፍትሔው ኦብጀክትስ.ኢኳልስ(ሀ, ለ) ነው። ከጃቫ 7 ጀምሮ አለ፣ ነልንም ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ሜተድሽ እንሂድ። የቱ ይበልጣል? ሁሉም ነገር ቅደም ተከተል የለውም። ሁለት ፎቶዎች እኩል መሆናቸውን መጠየቅ ይቻላል፤ የቱ ፎቶ ይበልጣል ማለት ግን በምን? በመጠን? በቀን? ስለዚህ የቅደም ተከተል ዕውቀት ከሁለት ቦታ በአንዱ መምጣት አለበት። ወይ ታይፑ ራሱ ይዞት ይመጣል፣ ወይ ክላስሽን የሚጠቀመው ሰው ከውጭ ያቀብልሻል።

ታይፑ ይዞት እንዲመጣ ከፈለግሽ «ዌር ቲ : አይኮምፔረብል‹ቲ›» ብለሽ ገድቢው። ከዚያ ሀ.ኮምፔርቱ(ለ) ይሠራል። መልሱ ከዜሮ ካነሰ ሀ ይቀድማል፣ ዜሮ ከሆነ እኩል ደረጃ ላይ ናቸው፣ ከዜሮ ከበለጠ ለ ይቀድማል። ምልክቱን ብቻ እዪ። 1 ወይም -1 ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ፣ ያንን ማንም ቃል አልገባልሽም። ያለ ገደብ ኮምፔረር ዲፎልትን ብትጠቀሚም ይሠራል፤ ነገር ግን ቅደም ተከተል የሌለው ታይፕ ከመጣ የምታውቂው ፕሮግራሙ ሲወድቅ ነው። ገደቡ ጥፋቱን ወደ ኮምፓይል ሰዓት ያመጣዋል። እኔ ገደቡን እመርጣለሁ።

ቁጥር ብቻ የምታወዳድሪ ከሆነ የሲ ሻርፕ መድረክ የሆነው ዶትኔት 7፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ > ራሱን በቲ ላይ መጠቀም አስችሏል። አይነምበር የሚለውን ኢንተርፌስ ገደብ ታደርጊያለሽ። አንቺ ግን ስሞችም ስላሉሽ አይሆንሽም። ስትሪንግ > የሚባል ኦፕሬተር የለውም።

ኮምፔርቱን ራስሽ ስትጽፊ አንድ ነገር አደራ። ሁለት ቁጥሮችን ቀንሰሽ ውጤቱን አትመልሺ። ያምራል፣ አንድ መስመር ነው፣ ብዙ ቦታም ታዪዋለሽ። ግን ሀ 2,000,000,000 ለ ደግሞ -2,000,000,000 ይሁን። ልዩነቱ 4,000,000,000 ነው። ይህ በ32 ቢት ኢንት አይያዝም። ተርፎ ይዞርና -294,967,296 ይሆናል። ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ ሁለት ቢሊዮን ከኔጌቲቭ ሁለት ቢሊዮን ያንሳል ተባለ ማለት ነው። ቁጥሮቹ የራሳቸው ኮምፔርቱ አላቸው፣ እሱን ጥሪ።

ለጃቫ ጓደኛሽም አንድ ቃል። ገደቡን «ቲ ኤክስቴንድስ ኮምፔረብል‹ቲ›» ብሎ ብቻ ከጻፈ ሎካልዴት በሚባለው የቀን ታይፕ ላይ ይጣበቅበታል። ሎካልዴት ራሱን ከሎካልዴት ጋር አወዳድራለሁ አላለም። የሚያወዳድረው ከወላጁ፣ ከክሮኖሎካልዴት ጋር ነው። ስለዚህ ውስጠኛው ‹ቲ› «? ሱፐር ቲ» መሆን አለበት። ትርጉሙ «ቲን ወይም ከቲ በላይ ያለውን ማወዳደር የሚችል» ነው። በሲ ሻርፕ አይኮምፔረብል ከሲ ሻርፕ 4 ጀምሮ ይህንን በራሱ ስለሚፈቅድ አንቺ አትቸገሪም።

እስካሁን እኩልነትን እና ቅደም ተከተልን ለያይተን አየን። የሚገርመው ሁለቱ በአንድ ታይፕ ላይ እንኳ ላይስማሙ ይችላሉ። በጃቫ ቢግዴሲማል የሚባለውን የአስርዮሽ ቁጥር ታይፕ 2.0 እና 2.00ን በኢኳልስ ብትጠይቂው እኩል አይደሉም ይላል፣ ከነጥቡ በኋላ ያሉትን አኃዞች ብዛትም ስለሚያይ። በኮምፔርቱ ብትጠይቂው ግን ዜሮ ይመልሳል። ሁለቱን በኢኳልስ በሚለየው ስብስብ፣ ሀሽሴት ውስጥ ብትከቺ ሁለት ይሆናሉ። በኮምፔርቱ በሚለየው ትሪሴት ውስጥ ብትከቺ አንድ ይሆናሉ። የገንዘብ ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። ሲ ሻርፕም የራሱ አለው። የስትሪንግ ኢኳልስ ፊደሎቹን በቁጥራቸው ብቻ ያያል፤ የስትሪንግ ኮምፔርቱ ግን ኮምፒውተሩ የተዘጋጀበትን ቋንቋና አገር ይከተላል። ስለዚህ አንዱ ማሽን ላይ ያየሽው ቅደም ተከተል ሌላው ላይ ሊለወጥ ይችላል።

ያንቺ ሊስት የአማርኛ ስም ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ሞክሼ ፊደላት ጋ መድረስሽ አይቀርም። እዚህ ጋ ቆም ልበል፣ እኔም ዋጋ የከፈልኩበት ነገር ነው።

ከዓመታት በፊት የአባላት መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ፀሐይ ተብላ የተመዘገበች አባል መጣች። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ «ጸሀይ» ብሎ ፈለጋት። የለችም አለው። እንደ አዲስ መዘገባት። አንዲት ሴት ሁለት ሰው ሆነች፣ ክፍያዋም ለሁለት ተከፈለ። ሠራተኛው ምንም አላጠፋም። እኔ ነበርኩ «እኩል» ማለት ምን እንደሆነ ሳላስብ ለኮምፒውተሩ የተውኩት። ለኮምፒውተር ፀ እና ጸ እንደ ሀ እና ለ የተለያዩ ናቸው።

ቅደም ተከተሉም እንደዚሁ ነው። የግዕዝ ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ 3.0፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ሲገባ በገበታው ተራ ነው የተደረደረው፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። ስለዚህ በፊደሉ ቁጥር ብቻ ብትደረድሪ «ሠላም»፣ «ረድኤት»፣ «ሰላም» ሆነው ይወጣሉ። በመካከላቸው ረድኤት ገባች። በገበታው ሕግ ትክክል ነው። ስሟን በጆሮው ሰምቶ ለሚፈልግ ሰው ግን ሁለቱ ሰላሞች ጎን ለጎን መሆን ነበረባቸው።

መፍትሔው ስሙን መለወጥ አይደለም። ሰው ስሙን እንደጻፈ ይቀመጥለት። የምትለውጪው ለማወዳደሪያ ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ ነው። ከስሙ ቁልፍ የሚያወጣ አንድ ትንሽ ሜተድ ጻፊ። ሐ እና ኀ ወደ ሀ ቤት ይሄዳሉ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ እያንዳንዳቸው ከነእርባታቸው። ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይመለሳሉ፣ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ። እንዲህ ሲሆን «ኃይሌ»፣ «ሃይሌ» እና «ሐይሌ» ሁሉም «ሀይሌ» የሚል ቁልፍ ይሰጣሉ።

ከዚያ ስትሪንግኮምፔረር የሚለውን የዶትኔት ክላስ ወርሰሽ የራስሽን ሥሪ። ይህን ክላስ የምወደው ኮምፔር፣ ኢኳልስ እና ጌትሀሽኮድ ሦስቱንም እንድትጽፊ ስለሚያስገድድሽ ነው። ሦስቱም ከዚያው ቁልፍ ይነሱ። አንዱ ቁልፉን ሌላው ዋናውን ስም ካየ የመሳቢያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ኮምፔር ውስጥ ቁልፎቹን በስትሪንግ.ኮምፔርኦርዲናል አወዳድሪ፣ ማሽኑ የተዘጋጀበት ቋንቋ እንዳይገባበት።

ይህንን ክላስሽ ውስጥ ቀብረሽ አትጻፊው። ከውጭ ይምጣ። ለአማርኛ ስም ሀ እና ሐን አንድ ማድረግ ልክ ነው። ትግርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን ሁለቱ የተለያየ ድምፅ ናቸው፣ አ እና ዐም እንደዚያው። የግዕዝ ጽሑፍ ለሚያጠና ሰው ደግሞ ሰ እና ሠ ቃል ይለያሉ። ስትሪንግ ራሱ ይህንን ሊያውቅ አይችልም፣ ክላስሽም ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው የሚጠቀመው ሰው ነው። ስለዚህ ኮንስትራክተርሽ (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚጠራው) ሁለት ነገር ይቀበል፣ አንድ አይኢኳሊቲኮምፔረር እና አንድ አይኮምፔረር። ካልተሰጡት ዲፎልቶቹን ይያዝ። በዚህ መንገድ ከሄድሽ ቅድም የመረጥኩልሽ ገደብ አያስፈልግሽም፣ ቅደም ተከተል የሌለው ታይፕም ቢሆን የሚደረድርለት ከውጭ ሊመጣለት ይችላል። የዶትኔት ዲክሽነሪ እና ተደርድሮ የሚቀመጠው ስብስብ ሶርትድሴትም ከውጭ ኮምፔረር ይቀበላሉ።

ሶርትድሴት ካልኩ አይቀር አንድ ጥንቃቄ። ሶርትድሴት ኮምፔር ዜሮ ከመለሰ «ይህ አስቀድሞ አለ» ብሎ ሁለተኛውን አያስገባም። በስም ብቻ የሚያወዳድር ኮምፔረር ከሰጠሽው ከሁለቱ ሰላሞች አንዷ ሳይነገርሽ ትጠፋለች። ሰዎችን ስትደረድሪ ስሞቹ እኩል ከሆኑ በአባልነት ቁጥር እንዲለያዩ አድርጊ።

«ከተቀራረቡ እኩል ናቸው» የሚል ኮምፔረርም እንዳትሞክሪ። ልዩነቱ ከ0.01 ካነሰ እኩል ነው እንበል። 1.000 ከ1.008 ጋር እኩል ሆነ። 1.008 ከ1.016 ጋር እኩል ሆነ። 1.000 እና 1.016 ግን እኩል አይደሉም። መደርደሪያው ይምታታል። የጃቫው ከ7 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ካወቀበት ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ካላወቀበት ደግሞ የተዘበራረቀ ሊስት ይሰጥሻል።

አዲሱን ክላስ ስትሞክሪ ኮድ ውስጥ በእጅሽ የጻፍሽውን ስም ብቻ አትጠቀሚ። ከፋይል የተነበበ «ሰላም» አስገቢ፣ ነል አስገቢ፣ 2,000,000,000 እና -2,000,000,000 አስገቢ፣ ፀሐይን በጸሀይ ፈልጊ። ባዶ ሊስትም ስጪው፣ ትልቁን የሚመልሰው ሜተድሽ በዚያ ላይ ምን እንደሚል እስካሁን አልወሰንሽም።